ምዕራፍ ስድስት፦ አንበሳ የወጣለት ያግሳ

ለአራት ዓመት ልጅ ሰባት ካርታ አድላችሁ ተመልከቱ። ትንንሽ ጣቶቹ ካርታውን ዘርግተው መያዝ ስለማይችሉ ሁለቱ ይወድቁበታል፤ እነሱን ለማንሳት ሲጎነበስ የቀሩት አምስቱ ይበተናሉ። ተለቅመው ከተሰጡት በኋላ ያማረችውን መርጦ ለቤቱ ሁሉ ያሳያል። "ደብቃት እንጂ!" ሲባል ከጀርባው ይሸሽጋትና ወዲያው "ንግሥቷ እኔ ጋ ናት" ብሎ ያውጃል። ተራው እስኪደርስ ከወንበሩ ወርዶ፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ የአንዱን ሰው ጫማ ማሰሪያ ፈትቶ ይመለሳል። ታላቁ "እሱ መጫወት አይችልም" ብሎ ይፈርዳል፤ ትልልቆቹም አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ያጸድቃሉ።

ልጁ ግን መጫወት ከማንም በላይ ይችላል። ያቃተው እኛ ለራሳችን የሠራነው ጨዋታ ነው። የተለመደው የካርታ ጨዋታ ከተጫዋቹ መያዝን፣ መደበቅንና መጠበቅን ይፈልጋል፤ ሦስቱም በዚህ ዕድሜ ገና ያልጠኑ ችሎታዎች ናቸው። ለመያዙ መላ አይጠፋም፤ የልብስ መቆንጠጫ እንኳ ይበቃል። መደበቁ ግን የጣት ጉዳይ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሃይንስ ዊመርና ዮሴፍ ፐርነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለልጆች አንድ አጭር ታሪክ አጫወቱ። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እሱ በሌለበት እናቱ ቸኮሌቱን ወደ ሌላ ቁም ሳጥን ታዛውረዋለች። ማክሲ ሲመለስ ቸኮሌቱን የት ይፈልገዋል? ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቁም ሳጥን ያመለክታሉ። እነሱ ያዩትን ማክሲም ያየ ይመስላቸዋል። ሌላው ሰው የተሳሳተ ነገር ሊያምን እንደሚችል የሚገባቸው አራት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ። እንግዲህ የእኔ ሐሳብና የሌላው ሐሳብ የተለያዩ መሆናቸው በውል ላልተገለጠለት ልጅ "ካርታህን ደብቅ" ማለት ትርጉም የሌለው ትእዛዝ ነው። ቢታዘዝም እኛን ለማስደሰት ብሎ ነው።

መጠበቁም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ፣ ከዚህም ውስጥ 60 ደቂቃው ልብ የሚያስመታ ሩጫና ዝላይ እንዲሆን ይመክራል። ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ የሚገባውን ገላ ወንበር ላይ አስቀምጦ "ተራህን ጠብቅ" ማለት ጥል መጥራት ነው።

ስለዚህ ጨዋታውን እንገልብጠው። ካርዶቹ በማንም እጅ አይያዙ፤ ሁሉም በአንድ ክምር ጀርባቸውን ሰጥተው መሬት ላይ ይቀመጡ። አንድ አንድ እየተሳቡ ይገለጡ። የተገለጠችዋን ካርድ ሁሉም ሰው ይያት። ካርዷም የምትለው ነገር ይኑራት፦ ዝለል፣ ተሳብ፣ አግሳ፣ ቀጥ በል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚደበቅ ነገር የለም፤ የሚጠበቅ ነገርም ከጥቂት ሰከንድ አይዘልም።

በነገራችን ላይ "ካርታ" የሚለው ስም በብዙ ቤት ገጽታው አያምርም። ካርታ ሲባል ቁማር የሚታያቸው አያቶች አሉ፤ አይፈረድባቸውም፣ የሰው ደመወዝ ሲበላ አይተዋል። ከእነሱ ጋር መከራከር አያሻም። እዚህ የምንናገረው ከጫማ ካርቶን ስለሚቆረጥና የዶሮ ሥዕል ስላለበት ነገር ነው፤ ሥዕሉን እንዲያዩ አድርጉ፣ ቢቻል ዶሮዋን ራሳቸው ይሳሏት። እኔ "ካርድ" እያልኩ የምሄደውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሌላ የካርድ ጨዋታ እንሂድ፤ ይህኛው የተፈለሰፈው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ፊሊፕ ዜላዞና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት ሙከራ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የትንንሽ ልጆችን ራስን የመግዛት ችሎታ ለመለካት ያገለግላል። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሣጥኖች ይቀመጣሉ። በአንዱ ላይ ሰማያዊ ጥንቸል፣ በሌላው ላይ ቀይ ጀልባ ተለጥፏል። ለልጁ የሚሰጡት ካርዶች ደግሞ ቀይ ጥንቸሎችና ሰማያዊ ጀልባዎች ናቸው። ልብ በሉ፤ እያንዳንዷ ካርድ ከአንዱ ሣጥን ጋር በቀለም፣ ከሌላው ጋር በቅርፅ ትመሳሰላለች።

መጀመሪያ "የቀለም ጨዋታ እንጫወት፤ ቀይ ወደ ቀይ፣ ሰማያዊ ወደ ሰማያዊ" ይባላል። የሦስት ዓመቷ ልጅ ምንም አይቸግራትም፤ ቀዩን ጥንቸል ወደ ቀዩ ጀልባ ሣጥን ትከታለች፣ ሰማያዊውን ወደ ሰማያዊው። ከስድስት ዙር በኋላ ሕጉ ይቀየራል፦ "አሁን የቅርፅ ጨዋታ ነው፤ ጥንቸል ወደ ጥንቸል፣ ጀልባ ወደ ጀልባ።" ልጅቷ ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ቀዩን ጥንቸል ታነሳለች፤ ወደ ቀዩ ጀልባም ትከተዋለች። ደግማም፣ ደጋግማም። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። "በቅርፅ ጨዋታ ጥንቸሎች የት ነው የሚገቡት?" ተብላ ስትጠየቅ ትክክለኛውን ሣጥን በጣቷ ታመለክታለች። "እንግዲያው ይቺን ጥንቸል አስገቢያት" ስትባል እንደገና ወደ ቀይ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ልጆች ያለችግር ይቀይራሉ።

ይህን ያነበበ ወላጅ "ስንቴ ነው የምነግርህ!" ብሎ ከመቆጣቱ በፊት ትንሽ ቢያስብ አይከፋም። ልጁ ሕጉን ያውቀዋል። እጁ ግን የቀድሞውን መንገድ ለምዷል፤ የለመደውን እጅ የሚያስቆመው የአእምሮ ክፍል ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ነው። ማወቅና ማድረግ በዚህ ዕድሜ አብረው አይጓዙም።

ሌላ ሙከራ ልጨምር፤ ይህ እንዲያውም ማታ ቤት ሊጫወቱት የሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አዴል ዳይመንድና የሥራ ባልደረቦቿ ሁለት ዓይነት ካርድ አዘጋጁ። ጥቁሯ ጨረቃና ከዋክብት አሉባት፣ ነጯ ደግሞ ፀሐይ። ጨረቃዋን ሲያይ ልጁ "ቀን" ማለት አለበት፤ ፀሐይዋን ሲያይ "ሌሊት"። ለእኛ ቀላል ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ግን በጣም ይከብዳል፤ አፋቸው ዓይናቸውን ይከተላል። ቆየት ብሎ የወጣ የዳይመንድ ጥናት ለወላጅ የሚጠቅም ነገር ይዟል፦ ካርዷ ከታየች በኋላ አዋቂው አጭር ዜማ ቢያንጎራጉርና ልጁ እስኪያልቅ ጠብቆ ቢመልስ ውጤቱ ይሻሻላል። ያቺ ጥቂት ሰከንድ ፈጥኖ የመጣው መልስ እስኪያልፍና ትክክለኛው እስኪደርስ ጊዜ ትሰጣለች። እኛ ቤት በዜማው ፋንታ ሦስት ጊዜ ይጨበጨባል፤ ጨብ፣ ጨብ፣ ጨብ፣ ከዚያ መልስ። ከሦስተኛው ጭብጨባ በፊት የተናገረ ሰው ካርዱን መልሶ ክምሩ ሥር ይከታል፤ አባትም ቢሆን።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወላጅ ካርዶቹን ለሥልጠና ሊያውላቸው ይቃጣል። በየማታው 20 ደቂቃ "ቀን፣ ሌሊት" ማለማመድ፣ ውጤት መመዝገብ፣ ከጎረቤት ልጅ ማወዳደር። ይቅርባችሁ። አንደኛ፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ካርዱን ሶፋ ሥር ይወረውረዋል። ሁለተኛውና ዋናው ግን በትእዛዝ የማይችለውን ነገር በምናብ የሚችለው መሆኑ ነው።

ይህን ቀድሞ ያየው የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሌኒንግራድ ውስጥ በሰጠው ትምህርት፣ ልጆች በምናብ የሚጫወቱት ሁሉ በውስጡ ሕግ እንዳለበት አስረዳ። እህትማማቾች የሆኑ ሁለት ሕፃናት "እህትማማች እንሁን" ብለው ሲጫወቱ፣ በቀሪው ቀን ልብ የማይሉትን የእህትነት ወግ በጨዋታው ውስጥ ተጠንቅቀው ይጠብቁታል። እኛም ዕቃ ዕቃ ስንጫወት "እናት" የሆነችው ልጅ እንግዳ ሳታስተናግድ አትበላም ነበር፤ ማንም ሳያስገድዳት። የቪጎትስኪን ሐሳብ ተከትላ ዚናይዳ ማኑይሌንኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣችው ጥናት ልጆች ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ ተጠየቁ። "ዝም ብለህ ቁም" ሲባሉ ቶሎ የሚቁነጠነጡት፣ "አንተ የጥበቃ ወታደር ነህ" ሲባሉ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥ ብለው ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናትም ወደዚያው ያመራል፤ አሰልቺ ሥራ የተሰጣቸው የአራትና የስድስት ዓመት ልጆች ራሳቸውን ባትማን ወይም ሌላ የሚወዱትን ጀግና አድርገው ሲሠሩ በራሳቸው ስም ከሠሩት የበለጠ ጸኑ።

ከዚህ ሁሉ ለካርዳችን የሚወጣው መመሪያ አንድ ነው፤ "ቁም" የሚል ካርድ አትሥሩ፣ "ወታደር" የሚል ሥሩ። "ዝም በል" ፋንታ "አሣ"፣ "ቀስ በል" ፋንታ "ኤሊ"።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የጫማ ካርቶን፣ መቀስ፣ ማርከርና ኮላ ይበቃል። በመዳፍ ልክ 20 ካርድ ቁረጡ። ወፍራም ስለሆነ ትንሽ እጅ ያነሳዋል፤ ቢረገጥም አይሞትም። ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም፤ እኔ የሳልኩትን ጉማሬ ልጆቹ ድንች ነው ብለው ስለተቀበሉት ድንች ሆኖ ቀርቷል፤ እየተንከባለለ ይሄዳል። ዕድሜውን ማራዘም የፈለገ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት ያስደርገው።

በ12ቱ ላይ እንስሳት ይሳሉ፦ አንበሳ፣ ዝንጀሮ፣ ኤሊ፣ ዶሮ፣ አህያ፣ ድመት፣ እንቁራሪት፣ ግመል፣ እባብ፣ አሣ፣ ጅብ፣ ጉማሬ። በ8ቱ ላይ ሁኔታ ይሳል፦ የራበው፣ የቸኮለ፣ እንቅልፍ የመጣበት፣ የፈራ፣ የተኮፈሰ፣ የበረደው፣ ጭቃ የያዘው፣ ሠርግ የተጠራ። ሁለቱ ክምር ለየብቻ ይበወዛል። ተራው የደረሰ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ይስብና ሁለቱን አጋጥሞ ይሆናቸዋል፤ ሌሎቹም ከኋላው ተሰልፈው ይከተሉታል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ከ12 እና ከ8 የሚወጣው ጥምር 96 ነው፤ አንድ ክረምት ያስጨርሳል። ለሦስት ዓመት ልጅ የእንስሳቱ ክምር ብቻ ይበቃዋል፤ ሁኔታውን አራት ሲሞላው ጨምሩለት።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጎረቤት ቤት ይህ ጨዋታ ሲካሄድ አያትየው ከቡናው ረከቦት አጠገብ ተቀምጠው "እኔን ተዉኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል" ብለው ነበር። አራት ዓመት ያልሞላው ማሙሽ ግን ተራ ማዝለል በሕግ የተከለከለ መሆኑን ገለጸላቸው። ሲስቡ ኤሊ ወጣላቸው፤ ከሁለተኛው ክምር ደግሞ "የቸኮለ"።

"የቸኮለ ኤሊ እንዴት ይሆናል?" አሉ።

"እማማ፣ እርስዎ ይወቁ እንጂ!" አለች ከልጆቹ የሰባት ዓመቷ።

አያት ጥቂት አሰቡ። ነጠላቸውን እንደ ድንጋይ ልብስ ጀርባቸው ላይ ደረቡና ከዱካው ሳይነሱ አንገታቸውን ብቻ ወደፊት አስግገው፣ ቅንድባቸውን እያፋጠኑ፣ በእጃቸው አየር መቅዘፍ ጀመሩ። ገላቸው ንቅንቅ አላለም፤ ፊታቸው ግን አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፊት ነው። ማሙሽ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ራሱ ሞከረው፤ እግሩን ማስቆም አቃተው፣ እንደገና ጀመረ፣ በሦስተኛው ገላውን አቁሞ ቅንድቡን ብቻ አሮጠ። ዜላዞ ቢያይ የሚወደው ነገር ነው፤ ሁለት የሚቃረኑ ትእዛዞችን በአንድ ገላ መያዝ። ጉልበት የሚያመው ሰውም ሳይነሳ ሙሉ ተጫዋች መሆን ቻለ። አብዛኛው የልጆች ጨዋታ አያቶችን ተመልካች አድርጎ ስለሚያስቀር ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም።

ጨዋታው ሲለመድ ሕጉን ገልብጡት። "ዛሬ ተገላቢጦሽ ነው፤ አንበሳ የወጣለት እንደ ድመት ያላዝን፣ ድመት የወጣለት ያግሳ።" ከአራት ዓመት ተኩል በፊት አትሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ትልልቆቹ ራሳቸው ሲሳሳቱ ማየት ለልጆቹ ትልቅ ደስታ ነው።

ካርድን ከገላ ጋር ማገናኘት የእኔ ግኝት አይደለም። በዚህ ረገድ ጃፓኖች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ኢሮሃ ካሩታ ይባላል፣ በአዲስ ዓመት ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚጫወተው ነው። ካርዶቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ 48 የሚነበቡ፣ 48 የሚነጠቁ። የሚነበቡት ላይ ምሳሌያዊ አነጋገር ተጽፏል፤ የሚነጠቁት ላይ የዚያው ምሳሌ ሥዕልና የመጀመሪያው ፊደል አለ። የሚነጠቁት ካርዶች ምንጣፍ ላይ ተዘርግተው አንድ አዋቂ ምሳሌውን ያነባል፤ ልጆቹ በዙሪያው ተንበርክከው ትክክለኛዋን ካርድ ቀድሞ በመዳፍ ለመምታት ይሽቀዳደማሉ። በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ በተለመደው አይነት የመጀመሪያዋ ካርድ ውሻ እንኳ ወጣ ወጣ ካለ ዱላ ያገኘዋል የምትለዋ ናት፤ ሥዕሉም ውሻና ዱላ ነው። ማንበብ የማይችለው ታናሽ ሥዕሉን ያድናል፣ ማንበብ የጀመረው ታላቅ ፊደሉን። በአንድ ምንጣፍ ላይ ሁለት ዕድሜ ይጫወታል፤ ከዚህ የተሻለ የቤተሰብ ጨዋታ ንድፍ አላውቅም።

ለእኛ ፊደል ይህ ሰተት ብሎ የሚገባ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ 33ቱን ከነሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231 ካርድ ለመሥራት አትነሱ። ሃያ ላይ ሳትደርሱ ትተዉታላችሁ። በ12 ጀምሩ፤ ፊደሉንም ከግዕዙ ሳይሆን ልጁ ከሚያውቀው ቃል አፍ ውሰዱት። ላም በ"ላ"፣ ዶሮ በ"ዶ"፣ ጅብ በ"ጅ" ይጀምራል። ለላም "ለ" ብሎ የሚሰጥ ካርድ ልጁ በጆሮው የሰማውን ይክድበታል። የቤተሰቡን ሰዎች ስም መነሻ ፊደል ጨምሩበት፤ ልጅ የራሱን ፊደል ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ይነጥቃል። ለትልልቆቹ ደግሞ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ለሚለው "ድ" ተጽፎበት በድር የተተበተበ አንበሳ ይሳል። ሥዕሉ በራሱ ግማሽ ሰዓት ያስወራል።

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ አትዘርጉ፤ በክፍሉ ውስጥ በትኑ፣ አንዷ በር ላይ፣ አንዷ መስኮት ሥር፣ አንዷ ከአልጋው ማዶ። ያኔ መንጠቁ ሩጫ ይሆናል። በዋሽንግተንም ይሁን በቴል አቪቭ ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር የሚታገሉ ወላጆች ለዚህ የተለየ ጥቅም ያገኙለታል። አዲስ አበባ ያለችው አያት በቪዲዮ ስልክ አንባቢ ትሆናለች። "እሺ የኔ ጌታ፣ ደግሞስ ምን ተማርክ?" ከሚለው ጥያቄና ከአፈረው ልጅ ዝምታ ይልቅ፣ አያት "ዶ... ዶ... ዶሮ!" ትላለች፤ ወዲያ ማዶ ልጁ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ካርዷን ካሜራው ላይ ለጥፎ ሲጮህ ታያለች። አጸፋ ለመስጠት መናገር አላስፈለገውም፤ ቋንቋውን ግን ሰምቷል።

አሁን ስለ መሸነፍ። ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ማንኛውንም የማሸነፊያ ጨዋታ የተጫወተ ሰው የሚመጣውን ያውቃል። አንዳንዱ ወላጅ "መሸነፍንም ይልመድ" ይላል። እስማማለሁ፤ ግን ታላቅ ወንድሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ እየሳቀበት መሆን የለበትም። ተጋጣሚው ክምሩ ራሱ ይሁን፤ ቤተሰቡ በአንድ ወገን፣ ካርዶቹ በሌላው።

የጅቡን ጨዋታ የምወደው ለዚህ ነው። አሥር ጥቅል ካልሲ በክፍሉ አንድ ጫፍ ይደረደራል፤ በጎች ናቸው። በሌላው ጫፍ ያለ ቅርጫት በረታቸው ነው። ክምሩ ውስጥ 10 የበግና 5 የጅብ ካርዶች ይበወዛሉ። በግ የወጣለት አንዱን በግ አቅፎ፣ እንዳያስደነግጠው በእግሩ ጣት እየሄደ፣ ወደ በረቱ ያደርሳል። ጅብ ከወጣ ሁሉም ባለበት ቁጥቋጦ ይሆናል፤ አዋቂው እስከ አምስት እስኪቆጥር አይነቃነቅም፣ ካርዷም በረቱ ደጃፍ ትሰለፋለች። አምስተኛው ጅብ ከመሰለፉ በፊት በጎቹ ሁሉ ከገቡ ቤተሰቡ አሸነፈ። ካልገቡ የቀሩት ተበሉ።

ይህን እንደ ጻፍኩት ብትጫወቱት ግን ልጆቹ ይከፋቸዋል፤ ሒሳቡን ሳየው ገባኝ። በጎቹ ሁሉ በሰላም የሚገቡት ከክምሩ የመጨረሻዋ ካርድ ጅብ ስትሆን ብቻ ነው። ከ15ቱ ካርድ 5ቱ ጅብ ስለሆኑ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ጅብ ይበላል ማለት ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ብዙ ነው። መድኃኒቱ አንድ የውሻ ካርድ መጨመር ነው። ውሻው ሲወጣ ሁሉም በአራት እግሩ ሆኖ ይጮሃል፣ ከተሰለፉት ጅቦች አንዱም ይባረራል። ገና ጅብ ሳይመጣ ከወጣ በረቱ ደጃፍ ተኝቶ ይጠብቅና የመጀመሪያውን ጅብ ያባርራል። በዚህች አንዲት ካርድ ብቻ የማሸነፉ ዕድል ከ100 ጨዋታ ወደ 85 ገደማ ከፍ ይላል። ጅቡ አልፎ አልፎ ይበላል፤ ስለዚህ ያስፈራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሆንለትም። ልጆቹ ሲያድጉና ስድስት ሲሞላቸው ውሻውን አውጡት፤ ያኔ መሸነፉን ይችሉታል፣ እንዲያውም ውሻው የት እንደ ሄደ ተረት ይፈጥሩለታል።

ከሱቅ ስለሚገዙት ብዙ አልልም። ዶብል የሚባለው ክብ ካርድ ያለው ጨዋታ ብልህ ሥራ ነው፤ በ55 ካርዶች ላይ 57 ሥዕሎች ተሰራጭተው የትኞቹንም ሁለት ካርዶች ብታነሱ የሚጋሩት አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ጥበቡ ከሒሳብ የመጣ ነው። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ግን በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስምንት ሥዕል ይበዛበታል፣ ፍጥነቱም ሁልጊዜ ለታላቁ ያደላል። ኡኖም ለስድስትና ለሰባት ዓመት ይቆይ። የሥዕል ጥንድ ፍለጋው፣ ማለትም ካርዶቹ ተገልብጠው ሁለት ሁለት የሚገለጡበት ጨዋታ ግን ከሌላው ይለያል፤ በእሱ የአራት ዓመት ልጅ አዋቂን በእውነት ሲያሸንፍ ይታያል፤ አዋቂው ግማሽ ልቡ ስልኩ ላይ ነውና። ጥንዶቹን ከስድስት አታስበልጡ። ስታገኙም ዝም ብላችሁ አትሰብስቡ፤ ሁለት እንቁራሪት ያገኘ ሁለቴ ይዝለል።

ስንት ጊዜ ይጫወቱ? ልጁ "አንድ ጊዜ ብቻ!" እያለ እየለመነ ሳለ አቁሙ። አሥር ደቂቃ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ሲያፏጭ፣ ካርድ ሲያጥፍ ወይም ጅብ ሆኖ ታናሹን መንከስ ሲጀምር ሰዓቱ አልፏል ማለት ነው። ከመኝታ በፊት ደግሞ የአንበሳውን ካርድ አታምጡት፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ካርዶች ኤሊ፣ አሣና እንቅልፍ የመጣበት ግመል እንዲሆኑ አስቀድማችሁ ከታች ሰክታችሁ አቆዩ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ተፈቅዷል።

ካርቶኑን ስትቆርጡ አራት ትርፍ ካርድ ባዶ አስቀሩ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ካርዱ የጎደለው ነገር እንዳለ ያስተውላሉና ማርከሩን ስጧቸው። ምን እንደሚስሉ አትምከሩ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ "ይቺ ስትወጣ ምን እናደርጋለን?" የጎረቤቱ ማሙሽ በመጀመሪያዋ ባዶ ካርድ ላይ አንድ ረጅም መስመር ብቻ አሠመረ። ሚኒባስ ነው አለ። ሲወጣ ሁሉም ሶፋው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ አንዱ ረዳት ሆኖ "መገናኛ! መገናኛ!" እያለ ይጣራል፤ "ወራጅ አለ!" እስኪባል ድረስም ማንም አይወርድም። አያትየው ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ ነው የሚቀመጡት።